ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ እውነትን የፈለጉ፣ በሰንሰለት የጸኑ ሰማዕት



ስለ ሰማዕታት ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው በጥንታዊቷ ሮማ አደባባይ ለአራዊት የተሰጡትን ክርስቲያኖች ነው። እነርሱን ማሰብ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ዘመናቸውም አገራቸውም ሩቅ ስለሆነብን ታሪካቸውን አድንቀን ብቻ ልናልፈው እንችላለን። በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ግን የጎረቤት ታሪክ ነው። የዐባይ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ከዞረ በኋላ በካማሺና በመተከል መካከል አልፎ፣ በጉባ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገራል። እኚህ አባት የተወለዱት በዚሁ ወንዝ የላይኛው አቅጣጫ ባለው የጎጃም ምድር ነው። መተከልም የዛሬው ክልላችን ከመመሥረቱ በፊት ለረጅም ዘመን የሚቈጠረው ከጎጃም ጋር እንደ ነበረ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ።

አባ ገብረ ሚካኤል የሚታወቁት በሰንሰለት ታስረው በመሞታቸው ነው። ነገር ግን የእርሳቸው ድፍረት በእስር ቀን በድንገት የተገኘ አልነበረም። ብዙ ዓመታት በፈጀ ትምህርት፣ በማያቋርጥ ጸሎትና እውነትን ባለመሸሽ ቀስ በቀስ የተገነባ ነበር። ሕይወታቸውን ከሞታቸው ሳይሆን ከመጀመሪያው አንሥተን የምንተርከውም ስለዚህ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ልደትና የገዳም ሕይወት

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ ዲቦ በተባለ መንደር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። ይህ ጉዳት ግን ከትምህርት አላገዳቸውም፤ በቀረቻቸው አንዲት ዓይን ብዙዎች በሁለቱ ካነበቡት የሚበልጥ መጽሐፍ አንብበዋል።

መርጡለ ማርያም በጎጃም ከታወቁት ጥንታውያን ደብሮች አንዱ ነው። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት የተጠረበ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በስፍራው ይገኛል። ወጣቱ ገብረ ሚካኤል ወደዚህ ገዳም ገብተው የቤተ ክህነትን ትምህርት ተከታተሉ፤ ዕድሜያቸው 25 ዓመት ገደማ ሲሆን መዓርገ ምንኵስና ተቀበሉ። በዚያ ዘመን የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደል ቈጥሮ መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ እስኪያወርድ ይደግማል፤ ከዚያም ወደ ዜማው፣ ወደ ቅኔውና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜው ይሻገራል። እንዲህ ያለ ተማሪ መጽሐፉ ከእጁ ቢወሰድ እንኳ ጸሎቱ በአፉና በልቡ ይቀራል። በኋላ ዘመን አባ ገብረ ሚካኤል እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በጨለማ በተቀመጡ ጊዜ ይህ የልጅነት ስንቅ ምን ያህል እንደ ጠቀማቸው መገመት አያዳግትም።

የመጻሕፍት ፍለጋ

መነኵሴው በገዳማት ሕይወት የድካም ምልክት ስላዩ የምንኵስና ሥርዓት ለምን እንደ ላላ ለማወቅ ፈለጉ። ፈቃድ ተቀብለውም ጥንታውያን የምንኵስና መጻሕፍትን ለመመርመር ከገዳም ወደ ገዳም ተጓዙ፤ በመጨረሻም የሊቃውንት ከተማ ወደ ሆነችው ጎንደር ደረሱ። በዚያም ደቀ መዛሙርትን አስተማሩ፤ በሊቅነታቸውም ታወቁ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር የሚነግሡት ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ መሳፍንቱም እርስ በርስ ይዋጉ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም በውስጧ ተከፋፍላ ነበር። ኢየሱስ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ፣ ፍጹም ሰው መሆኑን ሁሉም ያምናሉ፤ ነገር ግን ስለ ቅብዓቱና ስለ ልደቱ በሚሰጠው ማብራሪያ ቅባት፣ ጸጋና ካራ እየተባሉ በየወገናቸው ይከራከራሉ፤ ክርክሩም አንዳንድ ጊዜ ከቃል አልፎ ወደ ጠብ ይደርሳል። በዚህ ላይ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ከሞቱ ከዐሥር ዓመት በላይ ቢሆንም ምትክ አልመጣም ነበር፤ ጳጳስ ከሌለ ደግሞ አዲስ ካህን የሚሾም የለም።

አባ ገብረ ሚካኤል የወገንን ጩኸት ሰምተው ዝም ብለው ወደ አንዱ አልተጠጉም። አባቶች ምን እንዳስተማሩ ከራሳቸው ከመጻሕፍቱ ለማግኘት ደከሙ። በዚህም ለብዙ ዓመታት ጥያቄያቸው መልስ ሳያገኝ ቈየ። መልሱን ያላገኘ ሰው ሁለት ቀላል መንገዶች አሉት፤ አንዱ ያወቀ መስሎ መናገር ነው፤ ሁለተኛው መጠየቁን ትቶ እንደ ልማድ መኖር ነው። እርሳቸው ሁለቱንም አልመረጡም።

ወደ ግብፅ፣ ወደ ሮማና ወደ ኢየሩሳሌም

በ1839 ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ የተባሉ ኢጣሊያዊ ካህን ወደ አድዋ መጡ። የቅዱስ ቪንሴንት ዘጳውሎ ማኅበር አባል ነበሩ፤ ሕዝባችንም በኋላ አቡነ ያዕቆብ ብሎ ጠራቸው። የካቶሊክ ስም በዚያ ጊዜ በአገራችን የሚያስፈራ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ሕዝቡን በዐዋጅ ለማስገባት በመሞከራቸው ብዙ ደም ፈሶ ነበርና፣ የዚያ ዘመን ሐዘን ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። አቡነ ያዕቆብ ይህን ስለ ተረዱ በኀይልና በክርክር አልመጡም። የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ የግእዙን ሥርዓት አክብረው በትሕትና በሕዝቡ መካከል ኖሩ።

በ1841 የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ወደ ግብፅ ሲልኩ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። እርሳቸውም መልእክተኞቹ ሮማን ደግሞ እንዲጐበኙ በማሰብ ተስማሙ። ከተጓዦቹ አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በጉዞው መጀመሪያ ስለዚህ የውጭ አገር ካህን በጎ አሳብ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን በመንገድ አብሮ የሚኖር ሰው ጠባዩ አይሸሸግምና፣ የካህኑን ትዕግሥትና ጸሎት በዓይናቸው አዩ።

በካይሮ የግብፅ ፓትርያርክ እንድርያስ የተባለ ወጣት መነኵሴ መርጠው አቡነ ሰላማ ብለው ሾሙ። አባ ገብረ ሚካኤል ምርጫው ተገቢ አይደለም ብለው ተቃወሙ፤ ሹመቱ ግን ጸና። ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ ወደ ሮማ ሲሄዱ እርሳቸውም ከእነርሱ ጋር ነበሩ፤ በነሐሴ ወር 1841 ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ወደ ግብፅ ተመልሰውም አገራቸውን ስለሚከፍለው የሃይማኖት ክርክር ከፓትርያርኩ በጽሑፍ መልስ ተቀብለው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ይህን ሁሉ ባሕርና በረሃ ያቋረጡት የአንድ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር። ያመጡት ደብዳቤ ግን በአቡነ ሰላማ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም።

የልብ ውሳኔ

በ1843 ዓመቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት አባ ገብረ ሚካኤል ወደ አድዋ ወደ አቡነ ያዕቆብ ሄዱ። በዚያም ለወራት አብረው አነበቡ፣ ጠየቁ፣ ተወያዩ፣ ጸለዩ። በየካቲት ወር 1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ገቡ። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር፤ ስማቸው የታወቀ፣ ተማሪዎቻቸው የበዙ ሊቅ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ዕድሜ ሰው ያለውን ክብር ይጠብቃል እንጂ አዲስ ነቀፋ አይሸምትም። እርሳቸው ግን ለእውነት ሲሉ እንደ ገና ደቀ መዝሙር ሆኑ። የአባ ገብረ ሚካኤል የመጀመሪያው ድፍረት የታየው እዚህ ላይ ነው፤ አለንጋና ሰንሰለት ገና ሩቅ ነበሩ፤ ነገር ግን ክብርን የመተው ፈተና ታልፏል።

ይህን ሲያደርጉ የአባቶቻቸውን ጸሎት፣ ዜማና ጾም አልጣሉም። የግእዝ ሊቅነታቸውን ለአዲሱ አገልግሎት አዋሉት። ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ሆነው ለአገሩ ሰው አእምሮና ቋንቋ የሚስማማ ትምህርተ ክርስቶስ አዘጋጁ፤ የሥነ ምግባር ትምህርተ መለኮት መጽሐፍ ተረጐሙ፤ በመዝገበ ቃላት ሥራም ደከሙ። በዓዲግራት አቅራቢያ በምትገኘው በጐላ በተመሠረተው ዘርአ ክህነትም ወጣቶችን ለክህነት አገልግሎት አስተማሩ።

ብዙም ሳይቈይ ተቃውሞ በረታ። አቡነ ሰላማ የካቶሊኩን ትምህርት አወገዙ፤ ማኅበረ ምእመናኑም ተበታትነው እንደ ዓሊቴና ባሉ ተራራማ ስፍራዎች ተጠጉ። አቡነ ያዕቆብ በጥር ወር 1849 በምፅዋ፣ በሌሊት፣ በጭንቅ ጊዜ ከአቡነ ማስያስ እጅ መዓርገ ጵጵስና ተቀበሉ። እርሳቸውም ጥር 1 ቀን 1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ሾሟቸው። አዲሱ ካህን ወደ 60 ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ነበሩ።

በጎንደር እስር ቤት

አባ ገብረ ሚካኤል ብዙ በሚያውቋቸውና ብዙ ባስተማሩባት በጎንደር ከአቡነ ያዕቆብ ጋር እያገለገሉ ሳለ የአገሪቱ ሁኔታ ተለወጠ። የቋራው ካሣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ እያሸነፉ ኀይላቸው ገነነ፤ ከአቡነ ሰላማም ጋር ተስማሙ። ካሣ የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ ይሹ ነበር፤ ለዚህም አንድ ሃይማኖት ያስፈልጋል ብለው ያምኑ ነበር። አቡነ ሰላማም መንጋቸው እንዳይወሰድባቸው ሰግተዋል። የዚያን ዘመን ሰዎች አሳብ መረዳት በደሉን ትክክል አያደርገውም፤ ነገር ግን ታሪኩን ያለ ጥላቻ እንድንተርክ ይረዳናል።

ሐምሌ 15 ቀን 1854 አባ ገብረ ሚካኤል ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብም ታሰሩ፤ ከወራት በኋላም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የቀሩት እስረኞች እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። ግንድ ማለት ከባድ እንጨት ተበስቶ የእስረኛው እግር የሚገባበትና በውሻል የሚጠበቅበት የቅጣት መሣሪያ ነው፤ የገባበት ሰው መቆምም መተኛትም እንደ ልቡ አይችልም። ከዚያ እየወጡ በተደጋጋሚ ለምርመራ ይቀርቡ ነበር። የሚጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የአቡኑን የእምነት ቃል ተቀብለው የካቶሊክን እምነት እንዲክዱ። መልሳቸውም ሁልጊዜ አንድ ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ፈልገው ያገኙትን እውነት፣ ከሥቃይ ለመዳን ሲሉ አላገኘሁም ሊሉ አልፈቀዱም።

ካሣ በየካቲት ወር 1855 በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አረጋዊው መነኵሴም በንጉሡ ፊት ቀርበው በእምነታቸው ስለ ጸኑ በቀጭኔ ጭራ ተገረፉ። የቀጭኔ ጭራ ፀጉር እንደ ሽቦ የጠነከረ ነው። ግርፋቱን ያዩ ሁሉ ይሞታሉ ብለው ሲጠብቁ በሕይወት ተረፉ።

የመጨረሻዎቹ ወራት

ንጉሡ ለዘመቻ ሲነሡ እስረኛውንም ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት አስረው ወሰዷቸው። ግንቦት 31 ቀን 1855 እንደ ገና ለፍርድ ቀረቡ፤ በአቋማቸው ስለ ጸኑም ሞት ተፈረደባቸው። በዚያ የነበሩት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውዴን ስለ ማለዷቸው የሞቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። እኚህ ቆንስል ካቶሊክ አልነበሩም፤ እግዚአብሔር ለተጨነቀ ሰው የሚቆም ሰው ከየትም ሊያስነሣ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ያህል በሰንሰለት ከሰፈር ወደ ሰፈር ተጓዙ። ሠራዊቱን ወረርሽኝ መታው። አባ ገብረ ሚካኤል ከሚሰጣቸው ጥቂት ምግብ ላይ ለሌሎች ያካፍሉ ነበር። በሰንሰለት ያለ ሰው የሚሰጠው ነገር የሌለው ይመስላል፤ እርሳቸው ግን የሚሰጡትን አላጡም። ይህ ትዕግሥትና ይህ ቸርነት የጠባቂዎቻቸውን ልብ እንኳ እንዳለሰለሰ ይተረካል።

ነሐሴ 28 ቀን 1855 ጨረቻ ገበባ በተባለ ስፍራ፣ በጉዞ ላይ ሳሉ፣ ደክመው ወደቁ፤ በዚያውም ነፍሳቸውን ለፈጣሪያቸው ሰጡ። ዕድሜያቸው ወደ 64 ዓመት ነበር። ጠባቂዎቻቸው ሰንሰለቱን ፈትተው በዚያው በመንገዱ ዳር ቀበሯቸው። ከወዳጆቻቸው አንድም ሰው በአጠገባቸው አልነበረም፤ የቀብር ዜማም አልተሰማም።

የቤተ ክርስቲያን ምስክርነት

አቡነ ያዕቆብ ሥራቸውን በብዙ መከራ ቀጥለው ሐምሌ 31 ቀን 1860 በጉዞ ላይ ሳሉ በበረሃ ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጥቅምት 3 ቀን 1926 አባ ገብረ ሚካኤልን በሰማዕትነታቸው ብፁዕ ብለው ዐወጁ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም ጥቅምት 26 ቀን 1975 አቡነ ያዕቆብን በቅዱሳን መዝገብ አስገቧቸው። መምህሩም ደቀ መዝሙሩም ሁለቱም በመንገድ ላይ ሞተው ሁለቱም ለመሠዊያ ክብር በቁ።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ ልናመሰግን ይገባናል። በአባ ገብረ ሚካኤል ዘመን ክርስቲያኖችን ያሳሰረውና ያስገረፈው ክርክር ዛሬ በሌላ መንፈስ ይታያል። ግንቦት 10 ቀን 1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የግብፅ ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በክርስቶስ ስላላቸው እምነት የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። በሰኔ ወር 1993 ደግሞ የኢትዮጵያው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሮማ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛን ጐብኝተዋል። እንግዲህ የሰማዕቱን ታሪክ ስንናገር የድሮ ቍስል ለመቀስቀስ ሳይሆን፣ ክርስቲያን ክርስቲያንን እንዲያ የሚያሠቃይበት ዘመን እንዳይመለስ ለመጸለይ ሊሆን ይገባል።

ለእኛስ?

በአሶሳ፣ በባምባሲ፣ በካማሺም ሆነ በመተከል የምንኖር ካቶሊካውያን በቍጥር ጥቂቶች ነን። ጎረቤታችን ሙስሊም ነው፣ ኦርቶዶክስ ነው፣ የወንጌላውያን አማኝ ነው። ከእኛ መካከል በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ማዎውና ኮሞው አለ፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎና ከሌላ አካባቢ የሰፈረው ቤተሰብም አለ። እንግዲህ ከአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ምን እንውሰድ?

አንደኛ፣ እምነትን ማወቅ። እርሳቸው የሚያስተምሩትን አስቀድመው ተምረዋል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር የሆነ ሁሉ ሕፃናት የሚጠይቁትን ጥያቄ እንደ ድፍረት አይቍጠር፤ የማያውቀውንም እንደሚያውቅ ሆኖ አይመልስ። ነገ እጠይቅላችኋለሁ ማለት አያሳፍርም። ደግሞም ሰማዕቱ ትምህርቱን በሕዝቡ ቋንቋ ለማዘጋጀት እንደ ደከሙ እናስታውስ። በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ አባታችን ሆይን በትክክል ማስተማር የእርሳቸውን ሥራ መቀጠል ነው።

ሁለተኛ፣ ጸሎትን በቃል መያዝ። ካህን በወር አንድ ጊዜ እንኳ በማይደርስበት ቤተ ጸሎት፣ መጽሐፍ በሌለበት ጎጆ፣ በሕመም አልጋ ላይ የሚቀረው በልብ የተጻፈው ጸሎት ብቻ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ጠዋትና ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ጸልዩ፤ ይህ ስንቅ የሚያስፈልግበትን ቀን አታውቁትም።

ሦስተኛ፣ ያለ ጥላቻ መጽናት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል ለዓመታት በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ቀን ድፍረት ማለት መሣሪያ ማንሣት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። የተባረረውን ጎረቤት መሸሸግ፣ ያልተረጋገጠ ወሬ አለመንዛት፣ በወገን ጫና በሐሰት አለመመስከር፣ ካለን ጥቂት እህል ላይ ማካፈል፣ በደለኛውን በጸሎት ማሰብ፤ ይህ ግን ከመሣሪያው ይልቅ ይከብዳል። አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት ሆነው ያሳዩን ድፍረት ይህ ነው።

ማናችንም የእርሳቸውን ዓይነት ፍርድ አንጠብቅ ይሆናል። ነገር ግን እውነትን ተናግሮ ጥቅም ማጣት ወይም ዝም ብሎ ማትረፍ የሚመረጥበት ቀን ለእያንዳንዳችን፣ በገበያም በቢሮም በቤትም ይመጣል። ያን ቀን የምንጸናው ዛሬ በተማርነውና ዛሬ በጸለይነው ልክ ነው።

የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።